አሮጌዋ ጀልባና የሬዚኑ ሙቀት

በጣና ዳርቻ ለዓመታት ተገልብጣ የኖረችውን የፋይበርግላስ ሞተር ጀልባ ለመጠገን ስንነሣ ሙያው አልነበረንም፤ ገንዘባችንም ከአንድ ቆርቆሮ ሬዚን አያልፍም ነበር። ስለዚህ አስቀድመን አካሏን በመዶሻ እጀታ አንኳኳን። ጤነኛው ክፍል ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ሞተሩን የሚሸከመው የኋላ ግድግዳ ግን የታፈነ ድምፅ አሰማ። ፋይበርግላስ እንደ እንጨት አይበሰብስም፤ በብሎን ቀዳዳ የሰረገው ውኃ ግን በውስጡ የታሸገውን ኮምፔንሳቶ አበስብሶታል። አፍንጫችንን ሸፍነን ቆርጠን አወጣነው፤ በአዲስም ተካነው።

ስህተታችን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፖሊስተር ሬዚን የሚጠነክረው እንደ ጭቃ በመድረቅ አይደለም። ማጠንከሪያው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው፣ ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ የሚያስተሳስር ኬሚካዊ ሂደት ያስጀምራል፤ ሂደቱም ሙቀት ያመነጫል። እኛ ግማሹን ሬዚን በአንድ ጠባብ ጣሳ በጠበጥነው። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ሂደቱን ይበልጥ አፋጠነው፤ ጣሳው ጨሰ፤ ብሩሻችን እንደቆመ ሬዚኑ ድንጋይ ሆነ። በዝርግ ዕቃ፣ በጥላ ሥር፣ ጥቂት በጥቂቱ በጥብጠነው ቢሆን ሙቀቱ በቀላሉ በወጣ ነበር።

በቀረው ግማሽ የኋላውን ግድግዳ በብርጭቆ ክር ጨርቅ ደርበን ሸፈንነው። ለጎኗ ስንጥቅ የተረፈ የለም፤ ጀልባዋም ገና ውኃ አልነካችም።