የሚመረምር መምህር

ሊቅ ማለት ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ብቻ አይደለም፤ ያየውን ነገር ስለ ምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ፥ እስኪረዳውም ድረስ የሚመረምር ነው እንጂ።

ብልሃርዚያ የሚባል በሽታ አለ። የበሽታው ትል በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ወንዙ ይወጣል፤ በዚያም የሚዋኘውን ልጅ ቆዳውን በስቶ ይገባል።

በ1964 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ አክሊሉ ለማ የሚባሉ ሊቅ ይህን በሽታ ሊመረምሩ በዓድዋ ወደ ወንዝ ወረዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። ነገር ግን የገደለው እንዶድ ነው ብለው ወዲያው አልፈረዱም። ሕያዋኑን ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ሰብስበው የእንዶድ አረፋ ቢያስጨምሩባቸው ሞቱ። ከዚያም በኋላ በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ብዙ ዓመት ደጋግመው ፈተኑት። በ1989ም ከሥራ ባልንጀራቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ የሊቅ መምህር ሥራ ሁለት ነው፤ ያልታወቀውን መፈለግና የታወቀውን ማስተማር። እውነትን የሚፈልግ ሰው ማንንም አይንቅም፤ ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች እንኳ ይማራል።