የጭቃ ግድግዳና የቅባት ቀለም ነገር

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ቤት ሠርተው በተቀመጡ ሰዎች ዘንድ፣ ግንቦት በባተ ቁጥር እንደ ጉንፋን የሚዛመት አንድ ወሬ አለ፤ ይኸውም የጭቃ ግድግዳ ሁለት እጅ ቅባት ቀለም ከተቀባ ክረምት አይደፍረውም፣ ኖራ ግን የመጀመሪያው ዶፍ ጠርጎ የሚወስደው የድኻ መዋቢያ ነው የሚለው ነው። ይህን ነገር ከቀለም ሻጭ ብሰማው ኖሮ እንጀራው ነውና ባለፍሁት፣ ከቀቢም ብሰማው የእጁን ሥራ አከበረ ብዬ በተውሁት ነበር፤ ነገር ግን ኬሚስትሪ ካስተማርሁት ከአንድ ደቀ መዝሙሬ አፍ ስለ ሰማሁት፣ ዝም ማለቱ ኀጢአት መስሎ ታየኝ።

ባለፈው ጥቅምት ዳንግላ ወደሚኖር ዘመዴ ቤት በሄድሁ ጊዜ፣ በግንቦት ሰማያዊ ቅባት ቀለም የተቀባው የጓሮ ግድግዳ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ እንቁላል እንቁላል የሚያህል እባጭ አውጥቶ አገኘሁት። አንዱን በሚስማር ጫፍ ብወጋው ውሃ ጠብ አለ፤ ቆዳውን ይዤ ብስበውም እንደ ሽንኩርት ልባስ ተልጦ መጣ። ጀርባውን ገልብጬ ሳየው ቀይ አፈር ግጥም ብሎ ተለጥፎበታል፣ ከአፈሩም ውስጥ የጤፍ ጭዱ እንደ ጠጕር ቆሞ ይታያል። እንግዲህ ቀለሙ ጭቃውን አልለቀቀም፤ ጭቃው ነው ከራሱ ከጭቃው የተለየው። ዘመዴ «አስመስሎ የተሠራ ቀለም ሸጠልኝ» እያለ ሻጩን ሲረግም፣ እኔ ደግሞ ይህ ሁሉ የደረሰው ቀለሙ ደኅና ቀለም ስለ ሆነ ነው እያልሁ ስከራከር አመሸን።

ቀለም ከዱቄት፣ ከማጣበቂያና እንደ አኳራጅ ካለ ማቅጠኛ እንደሚሠራ አንባቢ ያውቃልና በዚያ አልዘገይም። ቁም ነገሩ ውሃው የሚገባበትና የሚወጣበት በር ነው። ዝናብ የግድግዳውን ፊት ብቻ የሚመታ ቢሆን ወሬው እውነት በሆነ ነበር፤ ዳሩ ግን ከክፈፉ የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬት ላይ እየፈነጠረ የግድግዳውን እግር ያርሰዋል፤ የረጠበውም መሬት፣ የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ነበልባሉ እንደሚስብ፣ ውሃውን በጭቃው ረቂቅ ቀዳዳዎች ሽቅብ ይሰደዋል፤ ከውስጥም የድስቱ እንፋሎትና የሰዉ ትንፋሽ አለ፤ በዓመት ከ1,500 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ በሚወርድበት በዳንግላ አገር ይህ ሁሉ ቀላል ነገር አይደለም። ትኩስ እንጀራ በመሶብ ሲቀመጥ ደኅና ያድራል፣ በፌስታል ቢታሰር ግን ያልበዋል፣ በሦስተኛው ቀንም ይሻግታል፤ እንጀራውን ያበላሸው ከውጭ የመጣ ውሃ ሳይሆን የራሱ ውሃ መውጫ ማጣቱ ነው። ጋቢ የለበሰ እረኛና ላስቲክ የለበሰ እረኛ ሽቅብ ሮጠው ቢመጡ የትኛው ከውስጥ ረጥቦ እንደሚገኝ መጠየቅ ነው።

በዚህ ላይ «ግድግዳ ይተነፍሳል» የሚሉ ወገኖች እንዳሉ አልሸሽግም፤ ቃሉ ያማረ ቢሆንም አልወደውም። ግድግዳ ሳንባ የለውም፤ ከቤት ውስጥ የሚወጣው አብዛኛው እንፋሎት በበርና በመስኮት እንጂ በጭቃው አቋርጦ እንደማይወጣ የሕንፃ ፊዚክስ ሊቃውንት ይከራከራሉ፣ ክርክራቸውም ትክክል ነው። እኔ የምለው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ይኸውም ውሃነቱን ሳይለቅ በጭቃው ውስጥ የተሳበው እርጥበት ወደ ፊቱ ወጥቶ የሚተንበት ስፍራ ይሻል የሚል ነው። ደግሞም ሰፊ ክፈፍና ደኅና የድንጋይ መሠረት ያለው ቤት ቅባት ቀለም ተቀብቶም ብዙ ዘመን ሊቆም ይችላል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ክፈፉ እንጂ ቀለሙ አይደለም።

ወደ ኖራ እንመለስ፤ በእውነቱ ከሆነ ይህን ጽሑፍ የጀመርሁት ለእርሱ ስል ነው። የኖራ ድንጋይ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲቃጠል ከ100 ኪሎው 44ቱ ኪሎ የካርቦን አየር ሆኖ ይበራል፣ 56ቱ ኪሎ ያልበረደ ኖራ ሆኖ ይቀራል። ይህ ውሃ ሲነካው እየፈላ ይበርዳል (ዐይን ሊያጠፋ ይችላልና ልጆች ይራቁ)፤ በርዶም ሲቀባ ከነፋሱ ውስጥ ያንኑ በእሳት የተነጠቀውን 44 ኪሎ ጥቂት በጥቂት መልሶ ይሰበስብና ዳግመኛ ድንጋይ ይሆናል። የቤተ ክህነት ሊቃውንት ባይቀየሙኝ፣ የእኛ ቋንቋ ለዚህ የሚሆኑ ቃላት ከማንም ይልቅ አሉት። የፕላስቲክ ቀለም በግድግዳ ላይ መቀመጡ ኅድረት ነው፤ አዳሪው አዳሪ፣ ማደሪያውም ማደሪያ እንደ ሆኑ ይቀራሉ። ኖራና ውሃ በባልዲ ሲበጠበጡ ቱሳሔ ነው። የኖራው መድረቅ ግን ውላጤ ነው፤ ውሎ አድሮ በግድግዳው ላይ የሚገኘው ነገር መጀመሪያ የተቀባው ነገር አይደለምና። «ኖራው ደረቀ» የሚለውን አነጋገር ስለዚህ እጠላዋለሁ።

ያ ደቀ መዝሙሬ የሳተውም ይህን ነው። ገና ያልተለወጠው ኖራ በአንድ ሊትር ውሃ 1.7 ግራም ያህል ይሟሟል፤ ወደ ድንጋይነት ከተመለሰ በኋላ ግን በንጹሕ ውሃ የሚሟሟው ከዚያ ከመቶ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በሐምሌ የተቀባ ኖራ ይታጠባል የሚለው ወሬ እውነት ነው፤ የታጠበው ግን ኖራ ስለ ሆነ ሳይሆን ሳይለወጥ ዝናብ ስለ ደረሰበት ነው። ለውጡም ጊዜ ይፈልጋል፤ በነፋስ ውስጥ ያለው የካርቦን አየር ከ10,000 እጅ 4 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፣ እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ይህ ለውጡን ምን ያህል እንደሚያዘገየው ግን የግድግዳው እርጥበት የበለጠ ስለሚወስነው በቁጥር መናገር አልደፍርም። ፀሐይም ብትበዛ ክፉ ናት፤ የካርቦኑ አየር አስቀድሞ በውሃ ካልሟሟ ከኖራው ጋር አይገናኝምና፣ ፈጥኖ የደረቀ ኖራ ልብስ የሚያነጣ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። የጎንደርን አብያተ መንግሥት ድንጋይ ከድንጋይ ያያዘው ይኸው «የድኻ መዋቢያ» መሆኑን ሳስብ፣ ስሙን ያወጣለት ሰው ከአዘዞ አልፎ ያውቅ እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ።

ሱቅ ስትሄዱ ግን ጀሶን ኖራ ብለው እንዳይሰጧችሁ። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፣ ስማቸውም ይቀያየራል፤ ጀሶ ግን በአንድ ሊትር ውሃ ከ2 ግራም በላይ ስለሚሟሟና ኖራ ያለው ለውጥ ስለሌለው ቦታው የቤት ውስጥ ነው። በአዲስ የሲሚንቶ ልስን ላይም ቅባት ቀለም አትቸኩሉ፤ የልስኑ አልካሊ ቅባቱን እየበላ ሳሙና ያደርገዋል፣ ሳሙናውም በዝናብ ይወርዳል።

የእንጅባራን ቀርከሃና የእንጨት በር በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ አንድ ዐሥረኛ ያህል ይጨምራል፤ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ደግሞ ስለሚያሳልፈው ከሥሩ ያለው እንጨት ይቃጠልና ቫርኒሹ መያዣ ያጣል። ቡናማ ወይም ቀይ የተጨመረበት ይሻላል፤ ያ ቀለም የብረት ዝገት ነው፣ የአገው ምድርን አፈር ያቀላው ያው ዝገት።

ዘመዴ በመጨረሻ ቀለሙን ፋቀ፣ ከጉልበት በታች ያለውን በአዲስ ጭቃ መረገ፣ ጠፈጠፉ የሚወድቅበትንም ቦይ አስቆፈረ፤ በኅዳርም ግድግዳውን ውሃ እየረጨን እንደ ወተት የቀጠነ ኖራ አራት ጊዜ ቀባነው። እርጥብ ኖራ ብርሃን ያሳልፋልና የመጀመሪያው ቅብ ቀዩን አፈር እንዳለ ሲያሳየው፣ «ውሃ ነው እንዴ የገዛሁት?» ብሎ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ወርውሮ ገባ። ከቀትር በኋላ ቡና ይዘን ስንወጣ ግድግዳው ከላይኛው ጥግ ጀምሮ መንጣት ይዞ ነበር፤ እርሱም አንድም ቃል ሳይተነፍስ ባልዲውን አንሥቶ ወደ ሁለተኛው ቅብ ሄደ።