የላዳን የፊት ሞላ በሰላም ስለ መፍታት

በክረምት ዕረፍት ዳንግላ ከመካኒክ አጎቴ ጋር ስለምሠራ፥ በዓመታዊ መጽሔታችን ስለ መኪና ሞላ ጥቂት ልገልጽላችሁ እወዳለሁ። በየጋራዡ በረዳትነት የሚሠሩ እኩዮቻችን ስላሉ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ላዳ ከኢጣልያኑ ፊያት 124 የተቀዳች፥ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሩሲያ ቶልያቲ ከተማ የተሠራች፥ በአዲስ አበባም በታክሲነት ለብዙ ዘመን ያገለገለች መኪና ናት። ከፊት በየጎማው አንድ ጥምዝ ሞላ አላት፤ ይኸውም በታችኛው ክንድና በመኪናው አካል መካከል ተጨምቆ የተቀመጠ ነው።

ብዙ ሰው መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ከወጣ ሞላው ያረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን አላረፈም። የእንጅባራን ቀርከሃ አጉብጣችሁ ስትለቁት እንዴት እንደሚፈናጠር ታውቃላችሁ፤ የታፈነ ሞላም እንዲሁ ነው። ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1678 እንዳስረዳው፥ የሞላ ጉልበት በተጨመቀው ልክ ይጨምራል። ለምሳሌ 1 ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ 30 ኒውተን የሚፈልግ ሞላ 200 ሚሊ ሜትር ቢጨመቅ 600 ጁል ያጠራቅማል። ይህም 20 ኪሎ ድንጋይ ከ3 ሜትር ከፍታ ወድቆ መሬት ሲመታ ያለውን ኃይል ያህላል።

ስለዚህ ሥራው በተራ ይፈጸም። መጀመሪያ መኪናው በደልዳላ መሬት ቆሞ የኋላ ጎማዎቹ በታኮ ይያዙ። ሁለተኛ፥ ፊቱ በክሪክ ተነሥቶ አካሉ በጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ ይረፍ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ሦስተኛ፥ ጎማውና አሞርዛተሩ ይውጡ፤ ሁለቱን ክንዶች የሚያያይዘው ዘንግም ይፈታ። አራተኛ፥ ሌላ ክሪክ ከታችኛው ክንድ ሥር ገብቶ ክንዱን ጥቂት ያንሣው። አምስተኛ፥ ሞላው ቢያመልጥ እንዲይዘው፥ ሰንሰለት በመካከሉ አልፎ ከአካሉ ጋር ላላ ብሎ ይታሰር። ከዚህ በኋላ ብቻ የታችኛው ቴስቲና ከክንዱ ይለያል፤ የፍሬኑ ቱቦም እንዳይሳብ የጎማው መያዣ በሽቦ ይንጠልጠል። በመጨረሻ ክሪኩ ቀስ እያለ ሲወርድ ሞላው ራሱ ይዘረጋል። በእጅ ሲነካ የሚወዘወዝ ከሆነ ኃይሉ አልቋልና ይውጣ፤ ካልተወዘወዘ ግን ማንም በብረት አይፈልቅቀው። ሠራተኛውም ምን ጊዜም በጎን እንጂ በሞላው ፊት ለፊት አይቁም።

ይህ ሥርዓት ለመኪና ሁሉ አይሆንም። የቀድሞው ትንሹ ቮልስዋገን ከፊት ጥምዝ ሞላ የለውም፤ የሚጠማዘዙ ጠፍጣፋ ብረቶች አሉት እንጂ። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሣት በፊት የመኪናውን አሠራር ማወቅ ይገባል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የታመቀን ኃይል በዝግታ የሚለቅ ሰው ሞላውንም ጤናውንም ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።