ጭንቅላት፣ እንቅልፍና ገበታ፦ ከሜዳ ውጪ ያለው ስፖርት

በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ መድረኩ ስትመለስ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ባዶ ለባዶ ሳለች ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች። ሳላዲን ሰኢድ መታ፤ ግብ ጠባቂው ኬኔዲ ምዊኔ አዳነበት። ሳላዲን በዘመኑ ከአገሪቱ ምርጥ አጥቂዎች አንዱ ነበር፤ ከአሥራ አንድ ሜትር ላይ ኳስ መረብ ውስጥ መክተት ለእሱ ከባድ ሥራ አልነበረም። ቡድኑ ግን እጅ አልሰጠም፤ የራሱ ግብ ጠባቂ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ ዛምቢያ ብትመራም አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። በዚያ አንድ ጨዋታ ውስጥ የስፖርት ሥነ ልቦና የሚያጠናቸው ሁለት ነገሮች አብረው ታዩ፦ ባለሙያ የሆነ እግር በጫና ጊዜ እንዴት እንደሚከዳ፣ ከመሳት በኋላም ቡድን እንዴት እንደሚነሳ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ዳሰሳ የምጽፈው የአርባ ምንጭ ታዳጊዎችን እያሰብኩ ነው። ከተማዋ ከላይ ሴቻ፣ ከታች ሲቀላ ሆና፣ የአባያና የጫሞ ሐይቆች ከፊቷ ተዘርግተው፣ ኳስ የምትወድ ከተማ ናት። ክለቧን ደጋፊው «አዞዎቹ» ይለዋል፤ ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዶ መመለስን በሚገባ ያውቃል። ስለ ተጫዋቾቹ ሲወራ ግን የምንሰማው ጥቂት ቃላት ነው፦ ወኔ፣ እልህ፣ ሞራል። «ወኔ አልነበራቸውም» ብለን እንዘጋዋለን። ወኔ ከየት እንደሚመጣ፣ በምን እንደሚጠፋ፣ ትናንት ሌሊት ስንት ሰዓት እንደተተኛና ጠዋት ምን እንደተበላ አንጠይቅም። እነዚህ ጥያቄዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠኑ የቆዩ ናቸው።

ጥናቱ የሚጀመረው ብዙ ጊዜ ከአሜሪካዊው ኖርማን ትሪፕሌት ነው። በ1898 ባሳተመው ጽሑፍ ብስክሌት ነጂዎች ብቻቸውን ከሚነዱ ይልቅ ከሌላ ጋር ሲሽቀዳደሙ እንደሚፈጥኑ አሳየ። በ1908 ደግሞ ሮበርት የርክስና ጆን ዶድሰን በአይጦች ላይ ያደረጉት ሙከራ ዛሬም አሰልጣኞች የሚጠቅሱትን ሐሳብ አስገኘ፤ መነቃቃት እስከ አንድ ደረጃ ይጠቅማል፣ ከዚያ ሲያልፍ ይጎዳል፣ ሥራው ረቂቅ በሆነ መጠን ደግሞ ጉዳቱ ቶሎ ይመጣል። መልበሻ ክፍል ውስጥ ተጫዋቹን በጩኸት ማጋል ለተከላካይ ሩጫ ይበጅ ይሆናል፤ ቅጣት ምት ለሚመታው ልጅ ግን መርዝ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወዲህ መስኩን ያበለጸገው ጎልፍ ነው። በአገራችን የጎልፍ ሜዳ ሲባል የሚታወሰው አዲስ አበባ አሮጌ ኤርፖርት አካባቢ ያለው ነውና ጨዋታው ለሴቻ ልጅ ሩቅ ነው፤ ትምህርቱ ግን ቅርብ ነው። የጎልፍ ኳስ አትንቀሳቀስም፣ የሚቀማም የለም፤ ተጫዋቹ ቆሞ ለማሰብ፣ ስለዚህም ለመጨነቅ፣ ሰፊ ጊዜ አለው። ፍጹም ቅጣት ምትም እንደዚያው ነው። በ1984 ሮይ ባውማይስተር ጫና የሚጎዳን የራሳችንን እንቅስቃሴ መከታተል ስለምንጀምር መሆኑን አስረዳ። በ2001 ሺያን ባይሎክና ቶማስ ካር የጎልፍ ተጫዋቾችን ፈትነው፣ የተካኑት ኳሷን ወደ ጉድጓዱ እንዴት እንደገፉ ሲጠየቁ ከጀማሪዎቹ ያነሰ እንደሚያስታውሱ አገኙ። ክህሎቱ ሰውነት ውስጥ ገብቷል፤ ጭንቅላት ተመልሶ «ቁርጭምጭሚቴ የት ነው?» ሲል ነው የሚበላሸው። ለእኛ የሚጠቅመው ሌላው ግኝታቸው ግን ይህ ነው፦ በልምምድ ጊዜ በካሜራ እየተቀረጹ፣ ሰው እንደሚያያቸው እያወቁ የተለማመዱት በፈተናው ቀን አልተረበሹም። ፍጹም ቅጣት ምትን ከልምምድ በኋላ በባዶ ሜዳ እየተሳሳቁ አሥር ጊዜ መምታት አንድ ነገር ነው፤ ሰፈሩን ሰብስቦ፣ ጓደኛ እያንቋሸሸ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መምታት ሌላ ነው። ሁለተኛው ወጪ የለውም፤ ሴቻ ላይ ዛሬ ማታ ሊጀመር ይችላል።

ካናዳዊቷ ጆን ቪከርስ ደግሞ ዓይንን ተከተለች። ጥሩ ጎልፈኛ ከመምታቱ በፊት ዓይኑን ኳሷ ላይ ለሁለት ሴኮንድ ገደማ ያሳርፋል፣ ደካማው ዓይኑ ይቅበዘበዛል። ኖርዌጂያዊው ጋይር ዮርዴት የትልልቅ ውድድሮችን ፍጹም ቅጣት ምቶች መርምሮ፣ ዳኛው እንዳፏጨ ተቻኩለው የሚመቱት ይበልጥ እንደሚስቱ ጽፏል። መቻኮሉ ከጭንቀቱ ለመገላገል ነው። አንድ ትንፋሽ መውሰድ፣ ኳሷን በራስ እጅ ማስቀመጥ፣ ማየት፣ ከዚያ መምታት፤ ይህ የሚለመድ ሥርዓት ነው።

ወደ አገራችን ሯጮች ስንመጣ ጭንቅላት በሰውነት ላይ ያለው ጉልበት ከ2005 የቀነኒሳ በቀለ ዓመት በላይ ጎልቶ የታየበትን አላውቅም። በጃንዋሪ መጀመሪያ እጮኛው አለም፣ ራሷም የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን የነበረች፣ አብራው እየሮጠች ሳለ ወድቃ ሞተች። ያ ወር ሳይወጣ ቦስተን ላይ በቤት ውስጥ 3000 ሜትር ተሰለፈ። ዙር መቁጠር ተሳሳተ፤ አንድ ዙር ሲቀር የሚጀመረውን ፍጥነት ቀድሞ አፈነዳውና ተሸነፈ። የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የሆነ ሰው ዙር ሲስት እግሩ አልደከመም፤ ሐዘን ትኩረቱን ወስዶታል ብዬ ነው የማስበው። በማርች ፈረንሳይ ላይ በዓለም አገር አቋራጭ አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ። በኦገስት ብራስልስ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26:17.53 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰኑን አሻሻለ። ሰባት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዙር ከመሳት እስከዚያ ክብረ ወሰን ድረስ የተጓዘው ልብ ነው። ይህን ታሪክ «ጀግና ነው» ብለን ብቻ ካለፍነው ግን ያመልጠናል። ሐዘን ላይ ያለ አትሌት ቶሎ ወደ ውድድር መመለስ አለበት ወይስ የለበትም? ከቤተሰቡና ከቡድን አጋሮቹ ማን አጠገቡ ነበር? አሰልጣኞቻችን እነዚህን ጥያቄዎች እንደ ሥራቸው አካል ቢይዟቸው እመኛለሁ።

ታምራት ቶላ ሌላ መልክ ያሳየናል። ለ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ተጠራ። በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ተጠባባቂ ሆኖ እንደ ዋና መዘጋጀት፣ ጥሪው ይምጣ አይምጣ ሳይታወቅ ሌሊት ተነስቶ መሮጥ፣ ከሩጫው ያልተናነሰ ችሎታ ነው። ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠርም በ1972 ሙኒክ የ5000 ሜትር ውድድር መነሻ ላይ ሳይደርስ ቀርቶ፣ በ1976 አገሩ ከኦሊምፒክ ቀርታ፣ በ1980 ሞስኮ ሁለት ወርቅ እስኪወስድ ስምንት ዓመት ጠብቋል። ኃይሌ ገብረሥላሴ ደግሞ በ1998 በርሚንግሃም ላይ የቤት ውስጥ 2000 ሜትር ክብረ ወሰን ሲሰብር «ስካትማን» የተባለው ዘፈን እንዲከፈትለት አድርጎ ነበር፤ የዘፈኑ ምት ከእርምጃው ጋር ይገጥምለት ነበርና።

የጭንቅላት ድካምም ድካም ነው። ሳሙኤለ ማርኮራ በ2009 ሰዎችን ኮምፒውተር ፊት ለ90 ደቂቃ አድካሚ የትኩረት ሥራ ካሠራ በኋላ ብስክሌት አስነዳቸው። ልባቸውና ጡንቻቸው እንደ ወትሮው ሆኖ ሳለ ቀድመው ተውት፤ ሥራው የከበደ መሰላቸው። ከጨዋታ በፊት ሦስት ሰዓት ስልክ ላይ ስድብና ትችት የሚያነብ ተጫዋች ምን ይዞ ሜዳ እንደሚገባ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከሁሉ የሚረክሰውና የሚባክነው የብርታት ምንጭ እንቅልፍ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቼሪ ማህ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ለሳምንታት በቀን አሥር ሰዓት አልጋ ላይ እንዲቆዩ አድርጋ በ2011 ውጤቱን አሳተመች፤ ሩጫቸው ፈጠነ፣ የነጻ ውርወራ ስኬታቸው በ9 በመቶ ጨመረ። የእንጦጦና የሰንዳፋ ሯጮች ይህን ያለ ጥናት ያውቁታል፤ ጠዋት ሮጠው፣ በልተው፣ መተኛትን እንደ ሥራ ይቆጥሩታል፣ በቡድንም ይሮጣሉ። ትሪፕሌት ብስክሌት ነጂዎቹ ላይ ያየውን እነሱ በጫካ ውስጥ ኖረውታል። አርባ ምንጭ ላይ ችግሩ ሙቀቱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሌሊቱ ቶሎ አይበርድም። በዚያ ላይ የአውሮፓ ጨዋታ እስከ እኩለ ሌሊት ይታያል። 37 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ጨንቻ ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ቀዝቃዛ ሌሊትና ለሯጭ ሳንባ የሚሆን ቀጭን አየር አላት። ይህን ያህል የተቀራረበ ደጋና ቆላ ያለው ዞን ስፖርተኞቹን ወጣ ገባ እያደረገ ቢያሠለጥን የሚያተርፍ ይመስለኛል።

ጫትን ሳያነሱ ስለ አኗኗር መጻፍ ሐቀኝነት አይሆንም። ምርቃናውን የሚሰጠው ካቲኖን የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍን ያባርራል። ከሰዓት በኋላ የቃመ ተጫዋች ማታ ደህና ራት አይበላም፣ ሌሊት አይተኛም፣ ጠዋት ልምምድ ላይ ሰውነቱ እንጂ እሱ የለም። ብዙ ወጣቶች ደግሞ የማያውቁት ነገር አለ፦ ካቲኖንም፣ ሌላው የጫት ንጥረ ነገር ካቲንም ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ፣ በዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዝርዝር ውስጥ በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው። ካቲን በሚሊሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮግራም ከበለጠ ጥሰት ነው። በጨዋታ ሰሞን የቃመ ልጅ ሳያውቅ የስፖርት ሕይወቱን ሊያሳጥር ይችላል።

ገበታው ላይ ጋሞ ዞን የታደለ ነው። በደጋው እንሰት፣ በቆላው ሙዝና ማንጎ፣ ከጫሞ ዓሣ፣ በየግቢው ደግሞ እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላው ሺፈራው። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን ትንሽ ነው፤ አብሮት ዓሣ ወይም ጥራጥሬ ያስፈልጋል። በጾም ወቅት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሲቀር ብረት የሚገኘው ከጤፍ፣ ከምስርና ከቅጠላ ቅጠል ነው። ይህን ብረት ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። ከምግቡ ጋር ቡናና ሻይ መጠጣት መውሰዱን ይበልጥ ይቀንሰዋል፤ ማንጎ ወይም ብርቱካን ይረዳዋል። ስለዚህ ቡናውን አንድ ሁለት ሰዓት አቆይቶ፣ ማንጎውን ከምሳው ጋር መብላት ጾሙን ሳይነካ ደሙን ይጠብቃል። ሮመዳን የሚጾመውም ልምምዱን ወደ ማፍጠሪያ ማስጠጋት ይኖርበታል።

እንደ አርባ ምንጭ ባለ ቆላ ደም የሚቀንሰው ምግብ ብቻ አይደለም። ወባ ቀይ የደም ሴልን ይሰብራል፤ ኦክስጅን የሚሸከመውም እሱ ነው። ከወባ ተነስቶ በሳምንቱ ሜዳ የሚገባ ልጅ በ60ኛው ደቂቃ ሲቆም ደጋፊው «ወኔ የለውም» ይላል። የሌለው ሄሞግሎቢን ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ የሚደረግ አንድ የደም ምርመራ መልሱን ይሰጣል።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ የኑሮ ጭንቀት አለ። ደመወዙ ወራት የዘገየበት፣ ውሉ ሊያልቅ የተቃረበ፣ ቀዬው ያሉ ወላጆቹና ታናናሾቹ የእሱን እጅ የሚጠብቁ ተጫዋች ኳሷን ሲመታ እነሱንም ይመታል። ማርኮራ የፈተናቸው ሰዎች ለ90 ደቂቃ ብቻ ነበር ጭንቅላታቸውን ያደከሙት፤ ይህ ልጅ ወሩን ሙሉ ነው። ደመወዝን በጊዜው መክፈል የክለብ አስተዳደር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ እኔ ከልምምድ ዓይነቶች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ የሚያስተምርባት ከተማ ናትና ሥራውን የሚጀምር ሰው አይጠፋም። ለአንድ የታዳጊ ቡድን የሚያስፈልገው አጎበርና በየሦስት ወሩ የደም ምርመራ፣ የእንቅልፍ ሰዓት የሚመዘገብበት ደብተር፣ በሰው ፊት የሚደረግ የቅጣት ምት ልምምድ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ስለ ኳስ ሳይሆን ስለ ቤቱ የሚጠይቀው አንድ ትልቅ ሰው ነው።