የአንኮበር ገደላማ ጠርዝ፦ እንዴት ተፈጠረ? ለገበሬውና ለጎብኚውስ ምን ማለት ነው?

ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁን እንጂ ከደብረ ብርሃን ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ተጉዞ አንኮበር ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው፣ ከእግሩ ሥር እስከ አድማስ የተዘረጋ ነጭ ባሕር ማየቱ አይቀርም። ባሕሩ ደመና ነው። ፀሐይ ሞቅ እያለች ስትሄድ ደመናው ይከፈታል፤ ከሥሩም የአሊዩ አምባ ኮረብቶች፣ ከዚያ አልፎ የአፋር ቆላ ብቅ ይላሉ።

ይህ ገደላማ ጠርዝ የኢትዮጵያ ደጋ አልቆ የታላቁ ስምጥ ሸለቆ የሚጀምርበት ድንበር ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የፈለቀው ቀልጦ አለት እየተደራረበ የደጋውን ወፍራም የጥቁር ድንጋይ ንጣፍ ሠራ። ከዚያ በኋላ የምድር ቅርፊት ሲለጠጥ መሬቱ ተሰነጠቀ፤ የምሥራቁ ክፍል ወደ ታች ሲሰምጥ የምዕራቡ ከፍ ብሎ ቀረ። በሰሜን ሸዋ ጠርዙ በየቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ሲደርስ፣ ከሥር ያለው የአዋሽ ሸለቆ ከ1 ሺህ ሜትር በታች ይወርዳል። በገደሉ ፊት እንደ ደረጃ ተደራርበው የሚታዩት የድንጋይ ንብርብሮች በተለያየ ጊዜ የፈሰሰው ቀልጦ አለት ምስክሮች ናቸው።

ጠርዙ ውኃንም ይከፍላል። በደብረ ብርሃን በኩል የሚወርደው የበሬሳ ወንዝ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይገባል። በአንኮበር በኩል የሚወርዱት ወንዞች ግን ወደ አዋሽ ይሄዳሉ፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል። በአንድ ቀን የዘነበ ዝናብ፣ የወደቀበት ቦታ በጥቂት እርምጃ ስለተለያየ ብቻ፣ ከፊሉ ሜዲትራኒያን ባሕር ሊደርስ ከፊሉ በበረሃ ሊቀር ይችላል።

ጭጋጉም ምክንያት አለው። ከቆላው የሚነሣው እርጥበት ያዘለ አየር ገደሉን ተከትሎ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የያዘው እርጥበትም ወደ ደመና ይለወጣል። ወፍ ዋሻ በተባለው ጥብቅ ደን ውስጥ የሚገኙት ጽድ፣ ኮሶና ዝግባ ይህን ጭጋግ በቅጠላቸው ይይዛሉ፤ ሥራቸውም የዝናቡን ውኃ ወደ መሬት ያሰርጋል። ስለዚህ በጠርዙ ላይ የሚቆረጥ ዛፍ የደጋው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቁልቁለቱ ሲራቆት ጎርፉ አፈሩን ይዞ ይወርዳል፤ በበጋ ምንጩ ይቀንሳል፤ ጉዳቱም ከታች በመስኖ የሚያመርተው ገበሬ ዘንድ ይደርሳል። እርከን መሥራትና ቁልቁለቱን ከልቅ ግጦሽ መከለል የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ገደሉ የዱር እንስሳትም ቤት ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ጭላዳ ቀን በሜዳው ሣር ሲግጥ ይውላል፤ ሲመሽ ከአውሬ ለመዳን ወደ ገደሉ ወርዶ በጠባብ የድንጋይ እርከን ላይ ያድራል። የአንኮበር ሰሪን የምትባለው ትንሽ ቡናማ ወፍም በዚሁ ጠርዝ ላይ ትኖራለች። ሳይንስ ያወቃት እ.ኤ.አ. በ1976 በአንኮበር አቅራቢያ ስትሆን፣ ከኢትዮጵያ ውጭ አትገኝም። ጭላዳ የገብስ ማሳ ሲደፍር ከገበሬው ጋር መጋጨቱ እውነት ነው፤ ግጦሹና ማሳው እስከ ገደሉ አፋፍ እየተጠጋ በሄደ መጠንም ግጭቱ ይብሳል።

ለዚህ መፍትሔ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚሁ ዞን፣ በመንዝ፣ የጓሳ ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ ባህላዊ ሥርዓት የጓሳ ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲደርስ በስምምነት እየከፈተ ጠብቆታል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይውላል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ከወጣው የመሬት አዋጅ በኋላ ቢዳከምም፣ አካባቢው ዛሬም በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ስፍራ ነው። ባለቤቱ የታወቀ ሀብት እንደሚጠበቅ ጓሳ ማስረጃ ነው።

አንኮበር የታሪክም ደጅ ናት። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ሆና ስታገለግል፣ የቆላ ነጋዴዎች ጨው በግመል ጭነው እስከ ገደሉ ሥር ይመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች ከታጁራ ጠረፍ ተነሥተው በረሃውን አቋርጠው ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጡት በዚሁ ዳገት ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ዛሬም ከሩቅ ይታያል።

ስፍራውን ለመጎብኘት ያሰበ ሰው ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉትን ወራት ቢመርጥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ያገኘዋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉ መንገድ ይሰውራል። ብርዱ ጠንካራ ስለሆነ ጋቢ ወይም ወፍራም ልብስ መያዝ ይገባል። በአፋፉ ላይ ያለው ሣር ከሥሩ አፈር እንዳለው አያረጋግጥም፤ በተለይ ዝናብ ከጣለ በኋላ ከጫፉ ራቅ ብሎ መቆም ሕይወት ያድናል። ድንጋይ ወደ ታች መወርወርም ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው፤ ከገደሉ ሥር እረኛና ከብት አለ። ለጭላዳ ምግብ መስጠት ደግሞ እንስሳውን ከሰው ጋር አላምዶ ወደ ማሳ ይጠራዋል።

ጎብኚው የአካባቢውን ወጣት መንገድ መሪ አድርጎ ቢይዝ፣ ምሳውንም ከዚያው ቢገዛ፣ ገንዘቡ ጠርዙን ከሚጠብቀው ሰው እጅ ይገባል። ገደሉ ጥቅም የሚያስገኝለት ገበሬ አፋፉን ለማረስ አይቸኩልም።