ኮድ ብቻውን ራጅ አያነብም

«ኮድ መጻፍ የሚችል ሰው የሕክምና ምስል ተመራማሪ ለመሆን ምንም አይጎድለውም» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። በዚህ ሙያ ዙሪያ ከሚነገሩት ሁሉ አሳሳቹ ይህ ይመስለኛል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ከ112 ሺህ በላይ የደረት ራጅ ምስሎችን ለተመራማሪዎች በነፃ ለቀቀ። የየምስሉን በሽታ የሚናገረው መለያ በኮምፒውተር ከራዲዮሎጂ ሪፖርቶች ተለቅሞ የወጣ ነበር። ሉክ ኦክደን ሬይነር የተባለ አውስትራሊያዊ ራዲዮሎጂስት ቁጭ ብሎ ምስሎቹን አንድ በአንድ ሲያይ የሚያሳስብ ነገር አገኘ። ደረት ውስጥ አየር ገብቶ ሳንባን የሚያኮማትረው ሕመም አለባቸው በተባሉት ራጆች በአብዛኞቹ ላይ ቱቦ ይታያል። ቱቦው ሐኪም አየሩን ለማስወጣት ያስገባው ነው፤ ሕመምተኛው ታውቆለት ሕክምና ጀምሯል ማለት ነው። በእነዚህ ምስሎች የሠለጠነ ፕሮግራም ሕመሙን ትቶ ቱቦውን ማደን ሊለምድ ይችላል። ሲፈተን ጥሩ ውጤት ያመጣል፤ ገና ቱቦ ያልገባለት ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ግን ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ኮዱ ቢመረመር እንከን አይገኝበትም። ይህ ራጅ ከየት መጣ? ለምን ታዘዘ? መለያውን ማን ሰጠው? እነዚህን መጠየቅና ከራዲዮሎጂስት አጠገብ ተቀምጦ ምስል ማየት የምርምሩ ዋና ሥራ ነው።

ታዲያ ሐኪም ያልሆነ አይገባበትም? ይገባበታል እንጂ። ሲቲ ስካንን የፈለሰፈው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ መሐንዲስ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪም አልነበረውም። በ1979 የሕክምና ኖቤልን ከእሱ ጋር የተጋራው አለን ኮርማክ ደግሞ የፊዚክስ ሰው ነው። ጥያቄው የመጣለት በ1956 ኬፕ ታውን በሚገኘው ግሩት ሹር ሆስፒታል በትርፍ ሰዓት ሲሠራ ነው። ሆስፒታል ባይገባ ኖሮ ጥያቄውን ከየት ያገኘው ነበር?

«ሚሊዮን ምስልና ውድ ማሽን የሌለው አይሞክረው» የሚለውም ብዙ ወጣት አስቀርቷል። በ2015 ጀርመን ውስጥ በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዩኔት፣ ምስልን ክፍል በክፍል የሚለየውና ዛሬ በየቤተ ሙከራው የሚታወቀው ስልት፣ ለአንድ ውድድር የሠለጠነው በ30 የማይክሮስኮፕ ምስሎች ነበር። ምስሎቹን እየለጠጡና እያጣመሙ አበዙለት። እያንዳንዱ ምስል ግን በጥንቃቄ መለያ የተሰጠው ነበር።

«ማሽኑ ራዲዮሎጂስትን ይተካል» የሚሉም አሉ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪው ጄፍሪ ሂንተን በ2016 ራዲዮሎጂስት ማሠልጠን ይቁም ብሎ ነበር። ዛሬም በብዙ አገሮች የራዲዮሎጂስት እጥረት አለ።

«ውጭ ካልሄዱ አይሆንም» ለሚሉ፦ የሕክምና ምስል ስሌት ትልቁ ዓለም አቀፍ ጉባኤ፣ ሚካይ፣ በ2024 እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ ሞሮኮ ማራካሽ ተካሂዷል። በ2018 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የሳንባ ምችን ከራጅ መለየት የተማሩ ፕሮግራሞች ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲወሰዱ ብቃታቸው በአብዛኛው እንደሚቀንስ አሳይቷል። እዚያው አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ከሆነ፣ ያው ፕሮግራም ጅማ ወይም ጎንደር በተነሳ ራጅ ላይ ምን ያህል ይታመናል? ይህን ለመመርመር ራጁ፣ ማሽኑና ሕመምተኛው ባሉበት የሚሠራ ተመራማሪ ያስፈልጋል።