ጠንካራ ገጽ በቻይ አካል ላይ፦ የብረት መቁረጫዎች ሽፋን

ብረትን የሚቆርጠው ራሱ ብረት ከሆነ፣ ቆራጩ ከተቆራጩ በምን ይበልጣል? ጥያቄው የፋብሪካ ብቻ አይደለም። በደቡብ ጎንደር፣ በታች ጋይንት ወረዳ፣ በአርብ ገበያ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ማረሻው ሲዶለዱም ወደ ቀጥቃጭ የሚወስደው ይኸው ችግር ነው።

ቀጥቃጩ በወናፍ አግሎ የሠራውን ስለት ውሃ ውስጥ ሲነክረው፣ ብረቱ በቂ ካርቦን ካለው ውስጣዊ አደረጃጀቱ ተለውጦ ይጠነክራል። የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ለስለት ተፈላጊ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ እጅግ የጠነከረ ብረት እንደ ሸክላ ይሰበራል። በመጠኑ መልሶ ማሞቅ ስብራቱን ይቀንሳል፤ ከጥንካሬውም ግን ይቀንሳል። ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣው አንዱ መንገድ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው፦ አካሉ ምትን ይቻል፤ ገጹ ሰበቃን ይቋቋም።

የዚህ ጥበብ ምሳሌ በየቤታችን አለ። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ካልተሟሸ እንጀራው ይጣበቃል። ሙቀቱን የሚሸከመው ሸክላው ነው፤ እንዳይጣበቅ የሚያደርገው ግን በገጹ ላይ ያለው ስስ የቅባት ልባስ ነው። በብረት ሥራም ፑንታ ሲበሳ የሚወጣው ፍቅፋቂ በግፊትና በሙቀት ብዛት ከስለቱ ጋር ይጣበቃል፤ ሲላቀቅም ከስለቱ ቅንጣት ይዞ ይሄዳል። ስለቱ የሚዶለዱመው በአንድ በኩል በዚህ የተነሣ ነው።

መድኃኒቱ በብዙ ፑንታዎች ላይ የምናየው ወርቃማ ሽፋን፣ ቲታኒየም ናይትራይድ ነው። አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ የቲታኒየም ትነት ከናይትሮጅን ጋር ተዋሕዶ በመሣሪያው ላይ ያርፋል። ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮሜትር፣ ማለትም የሚሊ ሜትር ጥቂት ሺኛ ብቻ ነው። በቪከርስ የጥንካሬ መለኪያ ሃይ ስፒድ ስቲል የተባለው የመቁረጫ አረብ ብረት 800 ገደማ ሲሆን፣ ሽፋኑ ከ2,000 ይበልጣል። ሰበቃን ይቀንሳል፤ ፍቅፋቂው እንዳይጣበቅም ይከላከላል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ለገበያ የቀረበው የሽፋን ዘዴ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ይጠይቅ ስለነበር ለካርባይድ እንጂ ለአረብ ብረት አልተመቸም፤ አረብ ብረት በዚያ ሙቀት ተነክሮ ያገኘውን ጥንካሬ ያጣልና። ከ500 ዲግሪ በታች የሚሠራው የትነት ዘዴ በ1980ዎቹ ሲስፋፋ ግን ፑንታም የሽፋኑ ተጠቃሚ ሆነ። በኋላ አሉሚኒየም የተጨመረበት ሽፋን መጣ፤ ይህም ሲግል በገጹ ላይ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ንጣፍ ስለሚፈጥር ሙቀትን ይበልጥ ይቋቋማል።

እንግዲህ ለብረታ ብረት ሠራተኛው ሦስት ቁም ነገሮች ይተርፋሉ። አንደኛ፣ ወርቃማ ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከሥሩ ያለው ተራ የካርቦን ብረት ከሆነ ከ200 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ መለስለስ ይጀምራል፤ ሃይ ስፒድ ስቲል ግን እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ይጸናል። በለሰለሰ አካል ላይ ያረፈ ጠንካራ ሽፋን ደግሞ በጭቃ ላይ እንደተቀመጠ ስስ ሸክላ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ፣ ፑንታ ሲሳል የጫፉ ሽፋን ይነሣል፤ ፍቅፋቂው በሚወጣበት ጠመዝማዛ ቦይ ያለው ግን ይቀራል። ስለዚህ ወርቁ ከጫፉ ለቀቀ ብሎ መሣሪያውን መጣል ብክነት ነው። ሦስተኛ፣ ሽፋን የማቀዝቀዣ ፈሳሽንና የተመጠነ ፍጥነትን አይተካም።

አየር አልባው ክፍል ውድ መሣሪያ ነው፤ በየከተማው ሊተከል አይችልም። መርሁ ግን ወጪ አይጠይቅም። የትኛው ክፍል መጠንከር፣ የትኛው መቻል እንዳለበት ለይቶ ማወቅ ለወናፉ ባለሙያም ሆነ ለቶርኖ ሠራተኛው እኩል ይጠቅማል። ይህ እውቀት በቴክኒክ ትምህርት ቤቶቻችን ከተግባር ጋር ቢሰጥ፣ ያለ ዕድሜው የሚጣለው መሣሪያ ቁጥር ይቀንሳል።